ከአንድ እስከ ሁለት፣ ከሁለት እስከ አራት

«ኢቲሳም፣ ጓደኛሽ የት ቀረች?» አሉ መምህር ሙላት ጠመኔ እንደያዙ።

«ሰዓዳ? አሟታል፣ መምህር።»

እንዲህ እንድትል ያስማለቻት ራሷ ሰዓዳ ነበረች። ዛሬ ከደላላ ጋር በባቲ አድርጋ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ባሕር ተሻግራ ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ነው። ትናንት ከከተማው ሐይቅ ዳር ተቀምጠው፣ «ፋራ እንዳትሆኚ፤ ትምህርት ቤት ትንፍሽ አልልም፣ ወላሂ በይ» አለቻት። ኢቲሳምም «ወላሂ» አለች።

ጦርነቱ ከከተማው ከወጣ ገና ጥቂት ሳምንት ነው። ወንበሮቹ ለማገዶ ስለሄዱ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩ ግድግዳው ላይ የአንድ ሲካፈል ለኤክስን ግራፍ ሳሉ።

«ከዚህ መስመር በታች ከአንድ እስከ ሁለት ያለው ስፋትና ከሁለት እስከ አራት ያለው ስፋት እኩል ነው። ከአራት እስከ ስምንትም እንደዚያው። ይህን ያስተዋለው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጎርጎርዮስ የሚባል አውሮፓዊ ቄስ ነው። ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም የምንለው ከዚሁ ስፋት ተነሳ።»

«ወዲያው ታወቀለት?» አለ ኢምራን ከኋላ።

«የት ተደርጎ! ይኖርበት የነበረው የፕራግ ከተማ ጦር ገባበት። ወረቀቱን ጥሎ ሸሸ። አንድ ባልደረባው አተረፈለት፤ መልሶ እጁ እስኪገባ ግን አስር ዓመት ያህል ፈጀ።»

ጥሎ መሸሽ ከተማሪዎቹ ለማናቸውም አዲስ አልነበረም። ኢቲሳም ግን ሐሳቧ ወረቀቱን ካተረፈው ባልደረባ አልወጣም። ጎረቤታቸው ኑርዬ ባለፈው ዓመት ሰዓዳ በምትሄድበት መንገድ ሄዶ እስካሁን ድምፁ አልተሰማም።

ተነሳች። «መምህር፣ አላመማትም።»

ሁሉን ነግራቸው ከመምህር ሙላት ጋር ሰዓዳ ቤት ሲደርሱ፣ የሰዓዳ እናት እትዬ ዋሲላ ስልካቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«መኪናው ጠዋት ሄደ» አሉ። «ስልኳም ዝግ ነው። ብለምናት እምቢ አለች። አባቷ የለ፣ በሬዎቹ በጦርነቱ ተነድተው ቀሩ። በምኔ ላስቀራት?»

መምህር ሙላት ባቲ ለሚያውቁት ሰው ደወሉ፤ አያነሳም። ደግመው ደወሉ።

የእትዬ ዋሲላ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የማይታወቅ ነው። «አንቺ አንሺው» ብለው ለኢቲሳም ሰጧት።

«እማ?» አለች ሰዓዳ። ከኋላዋ የመኪና ጩኸት ይሰማል።

«ኢቲሳም ነኝ።»

«አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ለመምህር ነገርሽብኝ እንዴ?»

«አልነገርኩም» ማለት ይቀል ነበር። እትዬ ዋሲላ አፍ አፏን ያዩአታል።

«ነገርኩ» አለች ኢቲሳም። «መሐላዬን አፍርሻለሁ። የፈለግሽውን ስደቢኝ፤ ስልኩን ብቻ አትዝጊ።»

ሰዓዳ ስልኩን አልዘጋችም። ኢቲሳም እናትየው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋች።