ጉዳት የተከለከለበት ሰፈር

ምልምል ወታደር ኦቴንግ በማሰልጠኛ ጦር ሰፈሩ የመሰናክል ግድግዳ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የግራ ጭኑ ተሰብሯል። መርማሪዋ ሻምበል ጎራታ ከዋና ከተማዋ ከጋቦሮኔ ብቻዋን እየነዳች የመጣችው ለእሱ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን የሚያወራው ስለ ጄኔራሉ ጉብኝት ነበር።

«ገዳዩ ተይዟል፣ ምማ» አለ አሰልጣኙ ሃምሳ አለቃ ሌትሾሎ፣ ሴት በክብር በምትጠራበት በአገሩ አጠራር። «ፌንዮ ነው፤ የአልጋ ጎረቤቱ። ጠዋት ሲጣሉ ሁሉም ሰምቷል። ከግድግዳው ጫፍ ላይ ገፈተረው።»

«አይተሃል?»

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኛ ጋ በልምምድ የሚጎዳ የለም። ክልክል ነው።»

ይስቃል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም።

የአጥንትና የጡንቻ ጉዳት መከላከያ ኃላፊዋ መቶ አለቃ ዲኔዮ፣ ሯጮቹን የምትከተልባትን ፋሻ የተጫነባት መኪና ተደግፋ፣ በኩራት የጉዳት ሰንጠረዧን አሳየቻት። «ዘንድሮ አንድም ጉዳት የለም። ጄኔራሉ ይህን ሊያዩ ነው የሚመጡት።»

«የሚያመው ሰውስ?»

«የሚያመው የለም።»

ፌንዮ እጁ በካቴና እንደታሰረ ተቀምጧል። መዳፉ በሰማያዊ ቀለም ተለውሷል።

«ይሰቅሉኛል እንዴ፣ ምማ?»

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ጭኑን ሲያመው ከረመ። ተናገር አልኩት። እሺ ሊለኝ! ታማሚ የተባለ ሰው እኮ እዚህ ብቻውን ነው የሚበላው፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በመጨረሻ 'በቃ፣ አታናግረኝ' አልኩት።»

ጎራታ አስከሬኑ ዘንድ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ግድግዳው ሥር ሰበሰበች።

«ይህ ግድግዳ ዛሬ ጠዋት ለጄኔራሉ ሲባል ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። መዳፋችሁን አሳዩኝ።»

ምልምሎቹ ዘረጉ፤ ሁሉም ሰማያዊ።

«የኦቴንግ ንጹሕ ነው። ግድግዳውን አልወጣም፤ ካልወጣ ደግሞ ከላይ የገፈተረው የለም።»

«እግሩስ?» አለ ሌትሾሎ።

«ሲሮጥ ተሰበረ። ሲያመው የከረመ አጥንት ነው። ከዚያ አንድ ሰው በፋሻ አሰረለት፤ የፋሻው ሽመና ቆዳው ላይ ጠልቆ ታትሟል። እንዲህ የሚታተመው እግሩ እያበጠ፣ ሰውየው በሕይወት እያለ ነው። ሲገኝ ግን ፋሻ የለውም፤ በመኪና አምጥቶ እዚህ የጣለው ሰው ፈትቶታል። በሩጫ የተሰበረ እግር ሰንጠረዥ ያበላሻል፤ ከግድግዳ የወደቀ ግን አደጋ ተብሎ ሰንጠረዡ ውስጥ ሳይገባ ይታለፋል። ከሯጮቹ ኋላ በመኪና የምትከተለው፣ ፋሻ የያዘችውስ ማን ናት?»

ዲኔዮ መሬት መሬት አየች። «ወዲያው ያገኙታል ብዬ ነው... ውስጡን እየደማ እንደሆነ አላወቅሁም።»

ሌትሾሎ የፌንዮን ካቴና ፈታ።

ፌንዮ ወደ ዲኔዮ ተጠጋ። «ትተሽው ስትሄጂ ምን አለ?»

ወደ መኪናዋ ዞረች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«'ፌንዮን ጥሪልኝ' አለ።»

ምልምሎቹ ወደ ምሳ ሄዱ። ፌንዮ የተፈቱ እጆቹን አሁንም እንደታሰሩ ገጥሞ፣ እዚያው ቆመ።