የረቡዕ ማስክ

«ቀጠን አድርገሽ ቁረጪው» አለች ማስተዋል። «ወፍራም ከሆነ ይንሸራተታል።»

ኑሪያ ድንቹን ልጣ ሁለት ስስ ክብ ቆረጠች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በማስተዋል የኪራይ ክፍል መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ስለተሰቀለ ውስጡ ጨለማ ነው። ማስተዋል በጀርባዋ ተኝታለች፤ የዓይኖቿ ቆብ አብጦ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል። ኑሪያ የሞቁትን ቁራጮች አንስታ ቀዝቃዛዎቹን ስታስቀምጥላት ማስተዋል ጥርሷን ነከሰች።

«አሸዋ የሞላበት ነው የሚመስለኝ። ስጨፍነውም፣ ስገልጠውም።»

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሄጄ ምን ሆንኩ ልበል? ብየዳ? ወዲያው ትምህርት ቤት ይሰማል።»

ድንቹ ማስተዋል ከጋፋት ወዲያ ካለው መንደሯ በየሳምንቱ ይዛው ከምትመጣው ስንቅ የተረፈ ነው። የብየዳ ብርሃን ያቃጠለው ዓይን ላይ ድንች እንደሚደረግ በደብረ ታቦር ያለ ብረት ሠሪ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ያወቁት ጋሽ እሸቴ ብረት ቤት ገብተው ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍያ ላለው የተግባር ልምምድ የመደባቸው እዚያ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ይሠራሉ። የዚህችን ክፍል ኪራይ ማስተዋል የምትከፍለው ከዚያ በምታገኘው ነው።

ትናንት ጋሽ እሸቴ ትልቅ የግቢ በር ይበይዱ ነበር። ማስተዋል በሁለተኛው ማሽን የመስኮት ፍርግርግ ታያይዛለች። ቤቱ ያለው ፊት የሚሸፍን አንድ የብየዳ ማስክ ብቻ ነው፤ እሱን ጋሽ እሸቴ አድርገውታል። እሷ ያደረገችው ከገበያ የተገዛ ጥቁር መነጽር ነበር፣ ፀሐይን እንኳ በቅጡ የማይከልል።

«ስሚ» አለች ማስተዋል። «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ቲቸር ፈንታነሽ ይመጣሉ። የት ሄደች ካሉሽ ለቅሶ ሄዳለች በያቸው። አክስቷ ሞታ።»

«ስንት አክስት ነው ያለሽ? በሒሳብ ፈተናው ጊዜ አንዷን ገድለናል።»

«ያቺ የእናቴ እህት ነበረች። ይቺ የአባቴ ትሁን።»

ሁለቱም ሳቁ። ማስተዋል ስትስቅ አንደኛው ድንች ተንሸራቶ ትራሱ ላይ ወደቀ፤ ሳቁም እዚያው ቀረ።

«በሞቴ፣ ኑሪ» አለች በዝግታ። «ስድስት ቤት ዞረን ‹ሴት ለብየዳ?› ብለው የሳቁብንን ረሳሽው? የተቀበሉን ጋሽ እሸቴ ብቻ ናቸው። ይሄ ከተሰማ ያስወጡናል። አንቺ እናትሽ ቤት ነሽ፤ እኔ ግን ወሩ ሲያልቅ ወደ መንደሬ ነው የምመለሰው። ትምህርቱም አበቃ ማለት ነው።»

ኑሪያ ድንቹን አንስታ በቦታው መለሰችው። ዝም ማለቷ እሺ እንደማለት እንደሚቆጠርባት ግን ታውቃለች።

መምህርት ፈንታነሽ የልምምዱ ተቆጣጣሪ ናቸው። ዘጠኝ ድርጅት፣ ሃያ ስድስት ተማሪ፣ አንድ ሰው። የመጓጓዣ የሚሰጣቸው ስለሌለ አብዛኛውን በእግራቸው ነው የሚዞሩት። ጋሽ እሸቴ ቤት የሚደርሱት ሁልጊዜ ረቡዕ፣ ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በእጃቸው አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይይዛሉ። ተማሪው በሰዓቱ ይገባል ወይ? ሥራ ይሰጠዋል ወይ? የአደጋ መከላከያ ዕቃ ተሟልቷል ወይ? ቅጹን ያዘጋጀው ሰው፣ ማን እንደሆነ አንድዬ ይወቀው፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉንም ነገር አስቧል። ማክሰኞና ሐሙስ ምን እንደሚመስሉ መጠየቅ ብቻ ነው የረሳው።

ጋሽ እሸቴ ግን አልረሱትም።

«ኑሪያ፣ ዕቃውን አምጪ» አሉ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ።

ዕቃው ማለት ማስክ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ብረት ቤት የኑሪያ አጎት የዩኑስ ነው። ዩኑስ ሦስት ማስክ አላቸው፤ ተማሪ ግን አይቀበሉም። «የሰው ልጅ ተቀብዬ ማን ይጠብቅልኛል?» ይላሉ፤ የገዛ እህታቸውን ልጅ እንኳ የመለሱት በዚሁ ቃል ነው። ማስክ ማዋስ ግን ጉርብትና ነው ብለው በየረቡዑ ሦስቱንም ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ለልጆቹ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። በዚያች አንድ ሰዓት የእሳቸው በያጆች ሻይ ይጠጣሉ።

«ሦስት አይደል?» አሉ ማስኮቹን ከግድግዳ እያወረዱ።

«ሁለት ይበቃል፣ አጎቴ። ማስተዋል ዛሬ የለችም።»

«ምን ነካት?»

ኑሪያ መሬት መሬት አየች።

«ድንች?» አሉ ዩኑስ።

«ድንች።»

ማስኮቹን ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ አጠገብ አስቀመጡና በመሐረብ ግራ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያ ዓይን ኑሪያ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እንዳነባ ነው። አብሯቸው የተወለደ ይመስል በቤተሰቡ ውስጥ ማንም ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር» አሉ። «እንዳንቺው። እኔም በማግስቱ ድንች አድርጌ ዳንኩ። ደግሞ ነደደኝ፣ ደግሞ ዳንኩ። ስድን ስድን ነው እንዲህ የሆነው።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሁለቱን ማስክ ሰጥተዋት ወደ ሥራቸው ዞሩ። ኑሪያ መንገዱን ስታቋርጥ ማስኮቹን እንደ ሁልጊዜው በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። ዘጠኝ ረቡዕ እንዲህ ሸፍና ተሻግራለች። ለምን እንደምትሸፍናቸው ራሷን የጠየቀችው ግን ገና ዛሬ ነው።

መምህርት ፈንታነሽ በሰዓታቸው መጡ። ከጉና በኩል የሚነፍሰው ብርድ አፍንጫቸውን አቅልቶታል፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ጋሽ እሸቴ ወንበር በእጃቸው ጠርገው አቀረቡላቸው። መምህርቷ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ወደ ግድግዳው ቀና አሉ። ሦስት ማስክ ተሰቅሏል፣ ሁለቱ የአጎቷ፣ አንዱ የቤቱ። በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉ። ተሟልቷል።

«ማስተዋልስ? ጠዋትም ክፍል አልነበረችም አሉኝ።»

«ለቅሶ ሄዳለች» አሉ ጋሽ እሸቴ፣ ማስተዋል ደውላ የነገረቻቸውን ሳያቅማሙ።

መምህርቷ ወደ ኑሪያ ዞሩ። «ማን ሞቶባት ነው?»

«አክስቷ» አለች ኑሪያ። ቃሉ እንዴት እንደወጣ እሷም አላወቀችም። «የአባቷ እህት።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር።» መምህርቷ እስክሪብቶውን ከደኑ። «መቼ ተቀበረች?»

ኑሪያና ጋሽ እሸቴ ተያዩ። ይህን ከማስተዋል ጋር አልተነጋገሩበትም።

«ትናንት» አሉ ጋሽ እሸቴ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ነው መድረስ ያለብኝ። ልጅቷ የኔው ተማሪ ሆና አስተማሪዬ ቀረች ትበል?» ተነሡ። «ከጋፋት ወዲያ አይደል? ኑሪያ፣ አንቺ መንደሩን ታውቂዋለሽ። ባጃጅ እስከሚደርስበት እንይዝና የቀረውን በእግራችን እንሄዳለን። አቶ እሸቴ፣ ይፈቅዱልኛል?»

ጋሽ እሸቴ የያዙትን የቱቦላሬ ብረት አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዞሩት። የውሸት ለቅሶ መቼም አስቸጋሪ ነገር ነው፤ በዚህ አገር ሰው ሰምቶ አይቀርም። ኑሪያ እነዚያ ጭቃ የጠገቡ ጫማዎች ዳገቱን ሲወጡ ታያት። የማስተዋል እናት ደጃፍ ላይ ደርሰው በሐዘን ድምፅ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲሉ፣ የማስተዋል እናትም ልጄ ናት የሞተችው ብላ ስትጮህ ታያት።

ግን ያስፈራት እሱ ብቻ አልነበረም። ለዚያስ ሌላ ውሸት መፍጠር ይቻላል፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል ማለት ይቻላል። የማትረሳው መምህርቷ ጉልበት ላይ ተዘርግቶ የነበረውን ወረቀት ነው። ተሟልቷል ይላል። የማስተዋል ዓይን እያለቀሰ ወረቀቱ ተሟልቷል ይላል። ዓይኑ ሐሙስም ይነድዳል፣ ረቡዕም ተሟልቷል ይላል።

ወደ ግድግዳው ሄደች። የአጎቷን ሁለት ማስኮች አወረደች። በነጠላዋ አልሸፈነቻቸውም።

«ቲቸር፣ ከመሄዳችን በፊት እነዚህን ልመልሳቸው። የአጎቴ ናቸው፤ በያጆቹ እየጠበቁ ነው።»

«የአጎትሽ?»

«በየረቡዑ ነው የማመጣቸው። የዚህ ቤት ያ አንዱ ብቻ ነው።» በአገጯ ወደ ግድግዳው አሳየች። «ለቅሶም የለም። ማስተዋል ትናንት በመነጽር ስትበይድ ዓይኗ ተቃጥሎ ቤቷ ተኝታለች። እሷ አትንገሪ ብላኝ ነበር።»



«አቶ እሸቴ» አሉ መምህርቷ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «የሰው ልጅ ዓይን ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ እሸቴ፤ ከዚያ እሳቸውም ገነፈሉ። «አውቃለሁ፣ መምህርት። ግን ልጆቹ ስድስት ቤት ዞረው ማን ተቀበላቸው? እኔ ነኝ። ‹ሴት ብየዳ ታስተምራለህ?› እያለ ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ ነው የሰነበተው። የማውቀውን አልደበቅኋቸውም፣ ይጠይቋት። የእርስዎ ቅጽ ማስክ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ አንድ ቀን ማስክ ይዞ መጥቷል?»

«አለ እኮ» አሉ መምህርቷ።

«ምኑ?»

«ማስክ። ለዚሁ ልምምድ የመጣ አሥር ማስክ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። የጎደለበት ድርጅት በተቆጣጣሪው ቅጽ ካልተረጋገጠ አይወጣም ተብሎ።» ወንበሩ ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉ። «እኔ ደግሞ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ተሟልቷል ብዬ ፈርሜያለሁ።»

ጋሽ እሸቴ ቱቦላሬውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«መኖሩን ማን ነገረኝ?»

«ማንም አልነገረዎትም። እኔም ጠይቄዎት አላውቅም። ግድግዳ አይቼ ነው የምሄደው፤ የልጆቹን ዓይን ቀና ብዬ አላየሁም።» መምህርቷ ቅጹን ገልጠው ምልክታቸውን በሁለት መስመር ሰረዙ። የለም ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ የጻፉት ግን ረዘም ያለ ነው። «ያለፉት ዘጠኝ ፊርማዎቼ ልክ አልነበሩም ነው የምለው። ርእሰ መምህሩ የሚሉትን ይበሉኝ።»

«ልጆቹንስ ያስወጧቸዋል?» አሉ ጋሽ እሸቴ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ማስኩ እዚህ ቤት እስኪገባ ድረስ ብየዳ የሚነካ ተማሪ የለም። መለካት አለ፣ ቀለም አለ። ክፍያቸው ሳይጎድል የሚያስተምሯቸው ከሆነ የማስወጣበት ምክንያት አይታየኝም።»

ጋሽ እሸቴ የቤቱን አንድ ማስክ ከግድግዳው አውርደው መስታወቱን በእጅጌያቸው ጠረጉ። የሚጠርጉት ነገር እንዳልነበረው ኑሪያ አየች።

«አይጎድልም» አሉ።

«ጥሩ። ነገ መጥቼ አያለሁ።»

«ነገ ሐሙስ ነው፣ መምህርት።»

«አውቃለሁ።»

ባጃጁ የማስተዋል የኪራይ ግቢ በር ላይ ቆመ። ከዚህ ወደ ሆስፒታል ነው የሚሄዱት። መምህርት ፈንታነሽ ለባለባጃጁ ጠብቀን ብለው ወረዱና ወደ ክፍሉ ጥቂት ተራመዱ። ኑሪያ ቀደመቻቸው።

«ቲቸር፣ እዚህ ቢጠብቁኝስ? እኔ ልንገራት።»

መምህርቷ ጥቂት አዩዋትና ወደ ግቢው ግንብ ተጠጉ።

ክፍሉ እንደ ጠዋቱ ጨለማ ነው። ማስተዋል በሩ ሲከፈት ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች፤ ሁለቱ ድንቾች ዓይኗ ላይ ናቸው።

«ኑሪ? አመኑሽ?»

ኑሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አክስትሽ አልሞተችም» አለች። «ሁሉንም ነገርኳቸው። ውጭ ናቸው፤ ሐኪም ቤት ሊወስዱሽ።»

ማስተዋል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲወጣና ሲወርድ ኑሪያ ጠበቀች። ልቅረብ አላለችም፤ ልሂድም አላለችም።

«አስወጡን?»

«አላስወጡንም። የሚሆነውን መንገድ ላይ እነግርሻለሁ። ብትቆጪም ተቆጪኝ፣ ግን ተነሺ።»

ማስተዋል ድንቾቹን አንድ በአንድ አንስታ በጭፍን ዘረጋቻቸው፤ ኑሪያ ተቀበለቻት።

«በጣም ነው የተናደድኩብሽ» አለች ማስተዋል። «ጫማዬን አቀብዪኝ።»