ቻለው እንዳይዘል

ናዝሬት የግቢውን በር ገና ሳትከፍት የጎረቤቷን የእትዬ መይሙናን ድምፅ ሰማች። ሰምታም ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ትንሽ ቆመች። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆማ ውላ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ከልደታ ማርያም ጀርባ ያለውን መንገድ በእግሯ ጨርሳ ነው የመጣችው። ውሻው ዛሬ እንኳን ባይዘል ምናለ ብላ ስትመኝ ነበር። ዘሏል።

«ናዝሬት! መጣሽ? ነይ ውሻሽን ውሰጂልኝ!»

ውሻው ቻለው ይባላል። ስሙን ያወጡለት አባቷ ጋሽ ዓባይነህ ናቸው፤ በደህናው ጊዜ። ያኔ ጎህ ሲቀድ ይዘውት ይወጡና ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው ይመለሱ ነበር። ግራ ጎናቸው ከተያዘ ወዲህ ግን ጓሮ ካለው ወንበራቸው አይነሱም፤ ውሻውንም የሚያወጣው የለም። ናዝሬት ሞክራለች፤ ግን በየትኛው ጉልበቷ? ቻለውም የራሱን መላ ፈጠረ። ጎመኑን ረጋግጦ፣ በደረት ልክ ያለውን አጥር ዘሎ እትዬ መይሙና ግቢ ይገባል።

ገብቶ አርፎ ቢቀመጥ ማንም ባልተናገረው። እሱ ግን የሚወደው ለሶላት የተነጠፈውን መስገጃ ነው። እሱ ላይ ይጋደማል፣ ለውዱ መታጠቢያ የተቀዳውን ውሃ ይለክፋል፣ ሲቆጡት ጅራቱን ይቆላል። እትዬ መይሙና ደግሞ ውሻ የነካውን በአፈር ጭምር ደጋግመው ካላጠቡ አይሰግዱበትም። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ጎንበስ ብሎ መነሳት ለእሳቸው ትልቅ ሥራ ነው።

«ውሻ ጠልቼ አይደለም፣ ልጄ» አሉ፤ መስገጃውን እየጠቀለሉ። «አባትሽ ወንድሜ ነው። ግን ፈጣሪዬ ፊት በምን ልቁም?»

«ይቅርታ እትዬ። ከነገ ጀምሮ አስረዋለሁ።»

«ስታስሪው ያለቅሳል። እሱ ሲያለቅስ አባትሽም ያለቅሳል፤ ሰምቻለሁ እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ናዝሬት የቻለውን አንገት ይዛ ወደ በሩ ጎተተችው።

«አጥሩን ከፍ እናድርገዋ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

አብዱልሃኪም የእትዬ መይሙና አንድ ልጅ ነው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ከናዝሬት ጋር ያንን አጥር ተደግፈው ነው ያደጉት። እሷ ልብስ ስታሰጣ እሱ በወዲያ በኩል ክርኑን አጥሩ ላይ ጣል አድርጎ ያወራታል። ወሬያቸው ውሃ መጣ፣ መብራት ጠፋ ነው። ከዚያ ዝም ይላሉ። ሁለቱም የሚጠብቁት ያንን ዝምታ ነበር። ነገር ግን እሷ አንገቷ ላይ ማተብ አለ፣ እሱ ደግሞ ጁምዓ የማያልፈው የመይሙና ልጅ ነው። ስለዚህ ይህን ያህል ዓመት ወሬያቸው ከውሃና ከመብራት ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።

እሁድ ከሰዓት ቆርቆሮና ሚስማር ይዞ መጣ። ናዝሬት ከሰፈሩ ግሮሰሪ በር ላይ ቆርኪ ለቅማ ጠበቀችው፤ ቆርኪ ያልገባበት ሚስማር ቆርቆሮውን ይቀደዋልና። እሱ በወዲያ በኩል ሆኖ ይመታል። እሷ በወዲህ በኩል፣ ማገሩን ሰንጥቆ የሚወጣውን የሚስማር ጫፍ በድንጋይ ትቀለብሳለች።

«ያዝሽው?»

«ያዝኩት። ምታ።»

መታና አውራ ጣቱን አገኘው። ናዝሬት ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ለራሷም ትዝ አላላትም።

በማግስቱ ቻለው ዘለለ።

በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ቆርቆሮ ጨመሩ። አሁን አጥሩ አገጯ ድረስ ደረሰ። ሲነጋ ቻለው መስገጃው ላይ ተኝቶ ተገኘ። በሦስተኛው እሁድ አብዱልሃኪም ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው የሠራው፤ እሷ የምታየው ዓይኑንና ግንባሩን ብቻ ነበር። ሰፈሩ ይስቅባቸው ጀመር። ጋሽ ዓባይነህ እንኳ ባልተያዘው የአፋቸው ወገን ፈገግ ብለው «ከእናንተ ውሻው ይሻላል» አሏቸው።

ውሻው እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ጥበብ አይጠይቅም። ማገሩ በእነ ናዝሬት በኩል ነው። ቻለው እንደ መሰላል እየረገጠ ይወጣበታል። ቆርቆሮውን ነቅሎ በወዲህ በኩል መምታት፣ ማገሩን ወደ ወዲያ መተው ነበር መፍትሔው። ታዲያ በዚያ ሰፈር ማገሩ ወደ ማን ግቢ ከዞረ፣ አጥሩ የዚያ ሰው ነው። ያንን አጥር ያጠሩት ጋሽ ዓባይነህ ናቸው። የበሽተኛ ሰው አጥር ይገልበጥ ብሎ የሚያነሳ ደፋር ማን ነው? ሰው ሁሉ ዝም ያለው በይሉኝታ ይመስል ነበር።

ረቡዕ ዕለት እትዬ መይሙና ቻለውን ከመስገጃው ሊያባርሩ ሲነሱ አዳልጧቸው ወደቁ። እጃቸው ተሰበረ።

ናዝሬት ልትጠይቃቸው ስትሄድ በጀሶ የታሰረውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አገኘቻቸው። አልጮኹባትም። ቢጮኹባት በተሻላት።

«ሆለታ ዘመድ አለን ብለሽኝ አልነበር? ወደዚያ ይሂድ፣ ልጄ። በቃኝ።»

ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው። እጃቸው የውሻውን ጆሮ አልለቀቀም።

«ከእሱ በፊት እኔን ውሰዱኝ» አሉ በተያዘ አንደበታቸው።

በማግስቱ አብዱልሃኪም ከሱቅ ሲመለስ ናዝሬት መንገድ ላይ ጠበቀችው። ከአጥሩ ውጭ፣ ሙሉ ቁመቱን እያየች ቆማ ማውራት አስፈራት።

«ማገሩን እየረገጠ እንደሚወጣ መቼ ነው ያወቅከው?»

መሬት መሬት አየ። «የመጀመሪያው እሁድ። አንቺስ?»

«እኔም።»

ሚኒባስ ሲያልፍ ሁለቱም ወደ መንገዱ ዳር ጠጋ አሉ። እሁድ ከሰዓት አብረው ለመሆን ብለው የአንዲት እናት እጅ አሰብረዋል። ናዝሬት ዕንባዋ መጣ፤ ደክሟት ስለነበር አልጠረገችውም።

«አባቴን አስፈቅዳለሁ» አለች። «አጥሩን እንገልብጠው።»

ጋሽ ዓባይነህን ማስፈቀድ እንደፈራችው አልከበደም። «አጥሩ የመይሙና ይሁን» አሉ። «ቻለውን ብቻ ተዉልኝ።» እትዬ መይሙናም ለቻለው አንድ ዕድል ሰጡት።

እሁድ ቆርቆሮውን ሁሉ ነቀሉት። ለተወሰነ ሰዓት በሁለቱ ግቢ መካከል ከማገሩና ከቋሚዎቹ በቀር ምንም አልነበረም፤ በመካከሉ እየተያዩ ውሃ ጠጡ። ከዚያ በእነ ናዝሬት በኩል መምታት ጀመሩ። አሁን መዶሻው እሷ ዘንድ ነው፤ የሚቀለብሰው እሱ ነው። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ሄዱ። መጀመሪያ እግሩ ተሸፈነ፣ ቀጥሎ ደረቱ።

የመጨረሻውን ቆርቆሮ ከማንሳቷ በፊት «አጎቶቼ ለሽምግልና ወራቤ ሄደው ነበር» አለ አብዱልሃኪም።

ገባት። «ተስማሙ?»

«ተስማሙ። ነጅማ ትባላለች። ደህና ልጅ ናት።»

«እትዬ ደስ አላቸው?»

«ከወደቀች ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው።»

ናዝሬት ቆርቆሮውን አነሳችና ፊቱን ጋረደችው። ሚስማሩን ቆርኪው ላይ አስተካከለች። መዶሻውን ግን አላነሳችም።

«አብዱ» አለች ከቆርቆሮው ወዲህ ሆና። «እወድሃለሁ። እንድትመልስልኝ አይደለም። እንዲሁ ሳልነግርህ እንዳይዘጋ ብዬ ነው።»

የሄደ መሰላት።

«እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ ነው» አለ በመጨረሻ። «እማዬን ትቼ መምጣት ብችል እስከዛሬ መጥቼ ነበር። አንቺም አባትሽን ትተሽ አትመጪም። ብትመጪ ደግሞ አንቺ አትሆኚም።»

«አልመጣም።»

«አውቃለሁ። ምቺው፣ ናዚ። ይዤዋለሁ።»

መታችው። በዚያ ከሰዓት አንድም ሚስማር አልጠመመባትም።

ቻለው ያን ዕለት ሞከረ። ጥፍሩ ቆርቆሮው ላይ እየተንሸራተተ ወደቀ። ደግሞ ሞከረና ወደቀ። ከዚያ ተመልሶ ጋሽ ዓባይነህ እግር ሥር ተኛ። ናዝሬት ከዚያ ወዲህ ማልዳ እየተነሳች ከሥራ በፊት ታወጣዋለች። ደክሟትም ታወጣዋለች።

ሰርጉ ክረምቱ እንደወጣ ሆነ። እንደ ሰፈሩ ደንብ ለክርስቲያን ጎረቤቶች በግ ለብቻ ታረደ፣ ገበታም ለብቻ ተዘረጋ። ያንን ገበታ የሚያስተናግድ የቤት ልጅ ያስፈልጋል። እትዬ መይሙና እጃቸው በደንብ ባይድንም፣ በዋናው መንገድ ዞረው እነ ናዝሬት ቤት ድረስ መጡ።

«ሌላ ሰው ላስቀምጥ ብዬ ነበር» አሉ፤ ዓይን ዓይኗን እያዩ። ከዚያ በላይ አላሉም፤ ግን ማወቃቸው ገባት። «ካላስቻለሽ እምቢ በይኝ። አልቀየምም።»

«እኔ እያለሁ ማን ያስተናግዳል፣ እትዬ?»

ጉንጯን ይዘው ሳሟት፤ ቶሎም አልለቀቋትም።

የሰርጉ ቀን ናዝሬት ሽርጥ አስራ ወጥ ጨለፈች፣ እንጀራ ደረበች፣ አልበላ ያሉትን በሞቴ ብላ አጎረሰች። ሙሽሮቹ እንግዳ ሲያመሰግኑ ወደ ክርስቲያኖቹ ድንኳንም መጡ። ነጅማ ከልቧ ፈገግ ብላ ጨበጠቻት። በእርግጥም ደህና ልጅ ናት። አብዱልሃኪም በነጭ ልብሱ ፊቷ ቆመ። ጭልፋዋን ጭልፋዋን አየ።

«ቻለው ደህና ነው?» አላት።

«ደህና ነው» አለች ናዝሬት። «ከዚያ ወዲህ አልዘለለም።»

ራሱን ነቀነቀና ሙሽራዋን ይዞ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈ። እሷም ወጥ ልትጨምር ተመለሰች።