አሚና የማታውቀው መንገድ

«ውድ ተማሪዎች!» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ይዘው። «በትምህርት ቤታችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በመጪው ቅዳሜ፣ ተማሪዎቻችን... በእግራቸው... ይሄዳሉ!»

ሰልፉ ጆሮውን አቆመ። ከሰልፈኛው ግማሹ ጎህ ሳይቀድ ከየቀበሌው ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ስለነበር፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ዋናውን ነገር እየጠበቀ ነበር። የሚመጣ ነገር እንደሌለ ሲገባው አጨበጨበ።

ሐሳቡ የጂኦግራፊው መምህር የባንተአምላክ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድበው ቆቦ ከመጡ ብዙም አልቆዩም። በሌላ አገር ሰዎች ለመዝናናት ብቻ ብለው በገጠር መንገድ እንደሚሄዱ፣ መንገዱም ድንጋይ ላይ በተቀባ ቀለም እንደሚታወቅ አንብበዋል። «የእኛስ ምን አነሰው?» ብለው የእግር ጉዞ ክበብ አቋቋሙ። የመጀመሪያውም መንገድ ተመረጠ፦ ከቆቦ ተነሥቶ፣ በማሽላው መሐል አልፎ፣ አሸዋማውን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሮቢት ገጠር የሚወስደው።

አሚና ይህን ስትሰማ አቀረቀረች። መንገዱ የእሷ ነበር። ጠዋት ትመጣበታለች፣ ማታ ትመለስበታለች። ከክፍሏ ግን ይህን የሚያውቅ የለም። ዘጠነኛ ክፍል በገባች ዕለት ከኋላዋ ደጀን የሚባል ልጅ አንዱን የገጠር ተማሪ «ፋራ» እያለ ሙድ ሲይዝበት ሰማች። ወዲያው አጠገቧ የተቀመጠችው ኤሌኒ «ሰፈርሽ የት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«መናኸሪያው ጋ። አክስቴ ቤት።»

አክስት የላትም። ውሸት ደግሞ እንደ ጭቃ ቤት ነው፤ በየጊዜው ካልመረጉት ይፈርሳል። አሚና በማሳው በኩል ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ከደረሰች በኋላ፣ ከተማውን ዞራ በአስፋልቱ በር ትገባለች። ብዙ የሄደች እንዳትመስል ብዙ ትሄዳለች።

የከፋው ነገር ኤሌኒን መውደዷ ነው። ኤሌኒ ስትስቅ ዴስክ ትደበድባለች፤ ፓስቲ ስትገዛ ትልቁን ግማሽ ለአሚና ትሰጣለች። እንዲህ ያለች ልጅ፣ አሚና ይህን ሁሉ ጊዜ ስትዋሻት እንደኖረች ብታውቅ ምን ትላታለች?

«እኔ ቅዳሜ አይመቸኝም» አለቻት አሚና።

«እንግዲያው እኔም እቀራለሁ። አክስትሽ ቤት መጥቼ እናጠናለን። እንግዳ አለ እንዳትይኝ ደግሞ፤ ከመስከረም ጀምሮ እንግዳችሁ አልሄደም።»

አሚና ትንሽ አሰበች። «አቦ፣ ጉዞው ይሻላል» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ የተገኙት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። የቀሩት የክበቡ አባላት ለእግር ጉዞው ለመድረስ መጀመሪያ በእግራቸው መጓዝ ስለነበረባቸው ተውት። አሚና ግን መጥታለች፤ መንገዱን በጠዋት ከዚያ ወዲህ ሄዳው፣ አሁን ከዚህ ወዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው መስላ ልትሄደው። ኤሌኒ አለች። ደጀንም ነጭ ስኒከር አድርጎ መጥቷል፤ ለሄደ ማርክ ይያዝለታል ተብሏል። መምህሩ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ይዘዋል።

ማሳው ውስጥ ሲገቡ ማሽላው ከራሳቸው በላይ ነው። ዘለላው ቀልቶ ከብዶት አንገቱን ደፍቷል።

ደጀን ቆም አለ። «ይሄ ነገር ምንድነው? በቆሎ ነው እንዴ?»

ኤሌኒ ቅጠሉን እንደ ጨርቅ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። «እኔ እንጃ። ሸንበቆ ይሆናል።»

«አሚናስ?» አሉ መምህሩ።

አሚና ጥርስ ካወጣች ጀምሮ የበላችውን እህል ቀና ብላ አየችው። «አይቼው አላውቅም» አለች።

መምህሩ ከልባቸው አዘኑ። «ልጆች፣ ይህ ማሽላ ይባላል» አሉ ቀስ ብለው፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው። ከዚያ እንዴት እንደሚዘራ፣ እንዴት እንደሚታጨድ አስረዷቸው። ሦስቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ደጀን «የሚገርም ነው» አለ።

ከማሳው መሐል፣ ከወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ፣ ድምፅ መጣ።

«አሚና! የኔ እናት! ቅዳሜም ትምህርት አለ ዛሬ?»

እትዬ ከፈለች ናት፣ ወንጭፏን በእጇ ይዛ። ማታ መሸት ሲል ከማማዋ ወርዳ አሚናን እስከ ወንዙ የምትሸኛት እሷ ናት። አሚና ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበችና መንገዷን ቀጠለች።

«አንቺን ነው መሰለኝ» አለች ኤሌኒ።

«ሌላ አሚና ትሆናለች። አሚና እንደሆነ ሞልቷል።»

በዚያ አገር ሰላምታ ሳይመልስ የሚያልፍ የተጣላ ሰው ብቻ ነው። እትዬ ከፈለች ደግማ አልተጣራችም። ወንጭፉም ዝም አለ፤ ወፎቹ ማሽላው ላይ ሲያርፉ አሚና ከኋላዋ ሰማቻቸው። ልትመለስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት አለች፤ ኤሌኒ ግን ክንዷን ይዛ ስለ ሌላ ነገር እያወራች ነበር።

ወንዙ ደረቅ ነው፤ ሰፊ አሸዋና ጠጠር። መምህሩ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አገኙ፤ ተንበርክከውም ነጭ ቀስት ይቀቡበት ጀመር።

ሦስቱ ተማሪዎች ድንጋዩን አዩት። ከዚያ በስተ ምዕራብ ደመና የጠቆረበትን ሩቅ ተራራ አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አዩ። ወንዝ መሐል ያለ ድንጋይ በቆላ አገር ለምልክት እንደማይሆን ለመናገር፣ ቆላውን ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

«ቦታው ጥሩ ነው አይደል?» አሉ መምህሩ።

«አሪፍ ነው ቲቸር» አለ ደጀን።

«ከሁሉም ጋ ይታያል» አለች ኤሌኒ።

አሚና የቀለሙን ቆርቆሮ አቀረበችላቸው።

ያን ጊዜ ከወንዙ ላይኛው ጫፍ አንድ ድምፅ ተሰማ። ዝቅ ያለ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ የሚያጉረመርም ነገር።

«የጭነት መኪና ነው። አስፋልቱ ቅርብ ነው» አሉ መምህሩ፣ ከቀለማቸው ቀና ሳይሉ።

አሚና አላሰበችም፤ እግሯ አሰበላት። ራሷን ያገኘችው ማዶ ዳርቻው ላይ፣ ቁጥቋጦ ጨብጣ ነው። ዘወር ስትል ብቻዋን አልነበረችም። ኤሌኒ ከእሷ በላይ ግራር ግንድ አቅፋለች። ደጀንም በነጭ ስኒከሩ አፈሩን ቧጥጦ ከኤሌኒም በላይ ወጥቷል። አሸዋው ላይ የቀሩት ብሩሽ የያዙት መምህር ብቻ ናቸው።

«ቲቸር! ጎርፍ!» ጮኹ ሦስቱም። «ይውጡ! ይተውት ቀለሙን!»

መምህሩ ሳቁ። «የምን ጎርፍ? ከላያችን ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል።»

አሚና ወርዳ ክንዳቸውን ይዛ ጎተተች። ደጀን ከላይ እጁን ዘረጋ፣ ኤሌኒ የደጀንን ቀበቶ ያዘች። መምህሩ ዳርቻው ላይ ሲወድቁ ጎርፉ ደረሰ፤ ቡናማ ሆኖ፣ ከፊቱ ቅጠልና እንጨት እየገፋ። የቀለሙን ቆርቆሮ አነሣ፣ አሽከረከረው፣ ይዞት ሄደ። ድንጋዩ የት እንደነበር አልታወቀም።

«እዚህ ጠብታ እንኳ አልጣለም እኮ!» አሉ መምህሩ፣ እያለከለኩ።

«እዚህ መዝነብ የለበትም፣ ቲቸር» አለ ደጀን በጥድፊያ። «ደጋው ከዘነበ ይበቃል። ድምፁን የሰማ ሰው ዕቃ አያነሣም፣ ፍየል አይቆጥርም፣ ዝም ብሎ...»

ቆመ።

«የምን ፍየል?» አለች ኤሌኒ።

ደጀን ከስኒከሩ ውስጥ አሸዋ ማራገፍ ጀመረ። «አንቺስ? ስወጣ ግራሩን አቅፈሽ ነው ያገኘሁሽ።»

ኤሌኒ ፀጉሯ ላይ የተሰካውን ገለባ አወጣች። «ጎብዬ በኩል... እኛም ሰፈር ወንዝ አለ» አለች፣ ገለባውን እያየች።

«መቼ ይጎድላል?» ብለው መምህሩ ጠየቁ።

«ወደ ማታ» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

ከዚያ ማንም ማንንም አላየም። ቆቦ ከውሃው ማዶ ቀርታለች። መምህሩ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ቢያነሡም ኔትወርክ የለም። አሚና መንገዱን አየችው፤ ከዳርቻው ተነሥቶ፣ በቁልቋሉ አጥር ታጥፎ ይወርዳል። ከአጥሩ ጀርባ የቤታቸው ቆርቆሮ ያበራል። አላውቀውም ማለት አሁንም ይቻል ነበር። ተቀምጠው ውሃው እስኪጎድል መጠበቅም ይቻል ነበር።

ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ቤታችን እዚያ ነው። እዚያ እንቆያለን፤ ምሳም አይጠፋም።»

ኤሌኒ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ሳቅም ቁጣም የለም። «የአክስትሽ ቤት?» አለች።

«የእናቴ» አለች አሚና፤ ከፊት ሆና መንገዱን ያዘች።