ደብዳቤ የሌለው ሣጥን

በዚያ የብርድ ወራት ዓሣው ከሃርስቢ መንደር ባሕር ጠፋ። ሁለት ጀልባዎች ወጥተው አልተመለሱም። ማዕበሉ ገደሉን እየናደ ቤቶች ወሰደ። አይጦች ባዶውን የዓሣ መጋዘን ትተው ወደ ሰው ቤት ገቡ፤ የአይጥ መርዝ ያልገዛ አባወራ አልነበረም። ብርዱ ሊያልቅ ሲል አዛውንቱ የድንጋይ ተመራማሪ ዶክተር ሴፕቲመስ ሬይን ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው አድሮ ንጋት ላይ ሞቱ። ሐኪሙ መርዝ ነው አለ። ዳኛው ደግሞ መርዙን የሰጠቻቸው ምግብ አብሳያቸው ታቢታ ናት አለ።

የመንደሩ ፖሊስ ጃቤዝ ትሬል ተጠርቶ ሲደርስ ታቢታ ወጥ ቤት ውስጥ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር።

«ልታስረኝ ከሆነ ቶሎ በል፣ ጋሼ ጃቤዝ፤ እሳቱ እየጠፋ ነው።»

«ዶክተሩ ማታ ምን በሉ?»

«የበግ ሾርባ። እኔም ከዚያው ድስት በልቻለሁ። ድመቷም ድስቱን ልሳለች፤ ይቻትና፣ ጠይቃት።»

«ዳኛው በማታው ሠረገላ ወደ ከተማ ይልክሻል።»

«ከዚያ ይሰቅሉኛል። ይስቀሉኝ። እያለቀስኩ አለምናቸውም።»

ጃቤዝ አባቷን አሞስን አሰበ። ወጣት ሳሉ ገደል ተንዶ ጃቤዝን ቀብሮት ነበር፤ አሞስ በባዶ እጁ ቆፍሮ አወጣው። ሁለተኛው ናዳ የአሞስን እግር ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ጃቤዝ የአሞስን ደጃፍ አልፎ ገብቶ አያውቅም።

ታቢታን አስከትሎ ወደ ፎቅ ወጣ። በሬይን ክፍል ደብዳቤ እንደ ድርቆሽ ተከምሯል። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ሣጥን አለ፤ በውስጡ የተቆራረጠ የድንጋይ አጥንት፣ ከዘመን ብዛት ድንጋይ የሆነ የጥንት አውሬ ቅሪት።

«ይሄን ማን አመጣው?»

«ሚስተር ጊል፣ ትናንት። ጌታዬ ጉልበታቸው ስለማይችል ከሠረገላ ማረፊያ የሚያመጣላቸው እሱ ነው።»

ላምበርት ጊል የመንደሩ ጠበቃ ነው፤ እሱም ድንጋይ ይሰበስባል።

«የላከውስ?»

«ሚስተር ፕራውስ ነዋ፣ እንደ ጌታዬ የድንጋይ ተመራማሪ። በደብዳቤ ሲሰዳደቡ ነው የኖሩት። አጥንቱን ግን ጊል ራሱ በጆንያ አምጥቶ የሸጠላቸው ነው፣ ያንድ አውሬ መንጋጋ ነው ብሎ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ጌታዬ እዩልኝ ብለው ለፕራውስ ላኩት፤ ይኸው ተቆራርጦ ተመለሰ።»

«ምን ብሎ ጻፈላቸው?»

«እንጃ። ጌታዬ ሣጥኑን አገላብጠው ‹ደብዳቤውስ?› አሉ። ከዚያ አጥንቶቹን እያነሱ ይልሱ ጀመር።»

«ይልሱ?»

«ድንጋይ ሰብሳቢ ሁሉ እንዲህ ነው። የድንጋይ አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ተራ ድንጋይ አይጣበቅም ይላሉ። ጊልማ ቢተዉት የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ይልሳል።»

ጃቤዝ አጎንብሶ አየ። በአጥንቶቹ ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ዱቄት ቀርቷል። ሳይነካ በጨርቅ ጠቀለላቸው።

እኩለ ቀን ላይ ፕራውስ ከሠረገላ ወረደ። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው። የሬይንን ሞት ሲሰማ የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«ፊት ለፊት እንዲሰድቡኝ ነበር የመጣሁት» አለ።

«ጠላታቸው ነበሩ ይባላል።»

«ነበርኩ። ጽሑፌን እንደሳቸው አጥብቆ ያነበበ ሰው የለም። አሁን ለማን እጽፋለሁ?»

«ሣጥኑ ውስጥ ደብዳቤ አልነበረም።»

ፕራውስ ቀና አለ። «ድንጋይ ያለ ደብዳቤ አልልክም። ከየት እንደተገኘ፣ ምን እንደታየበት ካልተጻፈለት የመንገድ ጠጠር ነው። ከእኛ መካከል ይህን የሚያደርግ የለም።»

«ምን ብለው ነበር የጻፉላቸው?»

ፕራውስ ነገረው። ጃቤዝ ሰምቶ ባርኔጣውን አደረገ።

ማታ ዳኛው፣ ጊል፣ ፕራውስና ታቢታ በሬይን ክፍል ተሰበሰቡ።

«ትሬል፣ ሠረገላው እየጠበቀ ነው። ልጅቷን አውርዳት» አለ ዳኛው።

«አላወርዳትም።»

«ምን አልክ?»

«ነገሬን ሳልጨርስ አላወርዳትም። ከዚያ በኋላ ከሥራ ያባርሩኝ።»

ጃቤዝ በፕራውስና በጊል ፊት ሁለት ሁለት ቁራጭ አኖረ። «ከዚህ ሣጥን ያወጣኋቸው ናቸው። አጥንቱን ከድንጋዩ ለዩልኝ።»

ፕራውስ አንዱን አንስቶ ምላሱ ላይ አደረገ። «ይሄ አጥንት ነው» አለ። ጊል መነጽሩን አስተካከለ፤ በጥፍሩ ፋቀ፤ ከዚያ ውሃ ጠየቀ።

«ምላስዎን ምን ነካው፣ ሚስተር ጊል?» አለች ታቢታ።

«ሰው የሞተበትን ዕቃ መጠንቀቅ ወንጀል ነው?»

«አይደለም» አለ ጃቤዝ። «ግን ሾርባው ነው የገደላቸው ብለው ለዳኛው የነገሩት እርስዎ ነዎት። ሾርባው ከገደላቸው ድንጋዩ ለምን ያስፈራዎታል? እነዚህን ዛሬ ከባሕሩ ዳር ነው የለቀምኳቸው። መርዝ ያለባቸው በጨርቅ ተጠቅልለው እኔ ዘንድ ናቸው።»

ጊል ቁራጮቹን ከፊቱ ገፋ። ጃቤዝ ቀጠለ።

«ሚስተር ፕራውስ መንጋጋውን ቆርጠው አዩት፤ የሦስት አውሬ አጥንት በሙጫ የተያያዘ ነው። ይህንን ጽፈው ሣጥኑ ውስጥ ጨመሩት። ሣጥኑን ከሠረገላ የተቀበሉት እርስዎ ነዎት። ከፍተው አነበቡ። ደብዳቤውን ብቻ ቢያጠፉ ሌላ ይጻፋል። ስለዚህ አጥንቶቹ ላይ የአይጥ መርዝ ነስንሰው አንባቢውን ገደሉ። ሬይን ለሚስተር ፕራውስ የሻጩን ስም ስላልጻፉላቸው፣ ከሞቱ በኋላ ሐሰተኛውን መንጋጋ የሠሩት ራሳቸው ናቸው ይባል ነበር፤ ከየት እንደመጣ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በሩን የከፈተችልዎት ታቢታ። እሷን ደግሞ ገመዱ ይጨርስልዎት ነበር።»

«ሬይን በአገር ሁሉ ያዋርደኝ ነበር» አለ ጊል ቀስ ብሎ። «ምሕረት አያውቅም ነበር።»

«እኔንም አልማሩኝም» አለ ፕራውስ። «መልስ ጻፍኩላቸው እንጂ።»

በማታው ሠረገላ ጊል ሄደ። ፕራውስ የደብዳቤውን ክምር እያገላበጠ ብቻውን ቀረ።

ጃቤዝ ታቢታን እስከ ቤቷ ሸኛት። አሞስ የእንጨት እግሩን ዘርግቶ መረብ ይጠግናል። ልጁን ታቢታን አየ፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ የቆመውን ጃቤዝን።

«ቆየህ» አለ።

«ቆየሁ።»

አሞስ በእንጨት እግሩ በርጩማውን ወደ እሳቱ ገፋለት። ጃቤዝ ባርኔጣውን አውልቆ ገባና ተቀመጠ።