አዳፕተር አልተገኘም

«የዋይፋይ አዳፕተር አልተገኘም።»

ኢንጂነሯ ላፕቶፑን ለአራተኛ ጊዜ አጥፍታ አበራችው። ጽሑፉ እዚያው ቦታ ተገትሮ ጠበቃት። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል። ነርሷ ታላቅ እህቷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ትገባለች። ላፕቶፑ የእሷ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ በዚሁ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለባት። የጽሑፍ ፈተና ስላለው በስልክ አይሆንም ተብላለች።

«ኢንጂነሯ» የሚለውን ስም ያወጣላት ሟች አባቷ ነበር፤ በዘጠኝ ዓመቷ የቤቱን ሬዲዮ ፈታታ መልሳ ስለገጠመችው። ሬዲዮው ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ባይልም ስሙ ግን ጸና። ዛሬም ቢሆን በክፋት አልነበረም የተነሳችው። ላፕቶፑ አርጅቶ አንድ ገጽ ለመክፈት እንኳ ያቃስታል። ሃከሩ የሚሉት የክፍሏ ልጅ፣ «ዊንዶውሱን አጥፍተሽ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫኚበት፤ ይበራል» ብሎ ፍላሽ አዋሳት። ጫነችው። እውነትም በረረ። ኢንተርኔት ብቻ የለውም።

በእናቷ ባለ ቁልፍ ስልክ ደወለችለት።

«ዋይፋይ የለውም እኮ!»

«እንዴ! የኔ ወዲያው ነው የሠራው። ካርዱ ተቃጥሎ ይሆናል።»

«አለቀልኝ በቃ! ምን ልበላት?»

«በራሱ ተበላሸ በያት። ማን ያውቃል?»

ላፕቶፑን በሻርፕ ጠቅልላ መንገድ ማዶ ወዳለው ጥገና ቤት ሮጠች። ጠጋኙ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የአንድ ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግፏል።

«ሰኞ ነይ» አለ ቀና ሳይል።

«ጋሼ፣ ሰኞማ እኔ በሕይወት የለሁም!»

ቀና ብሎ አያትና ላፕቶፑን ተቀበላት። አንድ ሁለት ነገር ጻፈበት።

«ካርዱ ደህና ነው። ከአዲሱ ሲስተም ጋር የሚያግባባው ድራይቨር ነው የጎደለው። ከኢንተርኔት ይወርዳል።»

«ኢንተርኔት እንዲሠራ ኢንተርኔት?»

«ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ በሩ ተቆለፈ ማለት ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «በመስኮት ግቢያ! ዳታ ያለው ስልክ በኬብል ሰክተሽ ለላፕቶፑ አጋሪው። ከዚያ ድራይቨር የሚለውን ክፈቺ፤ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።»

ቤት ውስጥ ዳታ ያለው ስልክ አንድ ብቻ ነው። የእህቷ፤ ዳታውም ድራይቨር ለማውረድ እንጂ ለቃለ መጠይቁ አይበቃም።

ስትመለስ እህቷ ቀድማት ገብታ ፀጉሯን እየፈታች ነበር።

«የት ይዘሽው ሄድሽ? ቻርጅ አለው አይደል?»

«በራሱ ተበላሸ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። የእህቷ ዓይኖች በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል።

«እታለም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

በአንድ ትንፋሽ ዘከዘከችው። እህቷ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ሰዓቱን አየች፣ እሷን አየች፣ ስልኩን ዘረጋችላት።

«ቆመሽ ታለቅሻለሽ ወይስ ትሠሪያለሽ?»

ኬብሉን ሁለት ጊዜ አዙራ ብትሰካው አልገባም አለ። በሦስተኛው ገባ። ላፕቶፑ ስልኩን አወቀው። የድራይቨሮቹ ገጽ ብዙ አሰበና አንድ መስመር አወጣ። ተጫነችው። ማውረዱ እንደ ቀንድ አውጣ ተጎተተ፤ ስልሳ በመቶ ላይ ቆመ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል «ዳግም ያስነሱ» አላት። አስነሳችው።

ስክሪኑ ጠቆረ። በመጨረሻ ጥግ ላይ የጎረቤቱ ዋይፋይ ሁሉ ተደረደረ፤ የእነሱም ከላይ።

«መጣ!»

እህቷ ወንበሯን እየሳበች፣ «ሌላ የነካሽው ነገር አለ?» አለቻት።

ቀኑን ሙሉ ዋይፋይ፣ ዋይፋይ ስትል ያላሰበችው ነገር ያን ጊዜ መጣባት። ጠዋት «ሁሉም ፋይል ይጠፋል፤ ይቀጥሉ?» ሲላት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ሳትገለብጥ «አዎ» ብላለች። የእህቷ የምርቃት ፎቶዎች። አባታቸው የምርቃት ጋውኗን ራሱ ደርቦ የሚጨፍርበት ቪዲዮ። ሌላ ቅጂ የለውም።

«የለም» አለች።

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለእሷው ብዬ ነው፣ ከፈተና በፊት እንዳትረበሽ ብዬ ነው፣ አለች ለራሷ። ሆዷ ግን አላመናትም። ከበሩ ወዲያ የእህቷ ድምፅ ይሰማል፤ ጥርት ያለ፣ የማይፈራ።

ይዛው በቀረችው የእናቷ ስልክ ሃከሩ ደወለ። «እና፣ ተረፍሽ?»

«ዋይፋዩ ሠራ። ፎቶዎቹ ግን...»

«አትናገሪያ! ከወር በኋላ ብትፈልጋቸው ምን ታመጣለች? ያረጀ ዕቃ ነው፣ በላቸው ትያታለሽ።»

ስልኩን ዘጋችበት።

በሩ ተከፈተ። እህቷ ፊቷ በርቶ እጆቿን ዘርግታ ወጣች። «ተሳካልኝ መሰለኝ! ነይ እቀፊኝ፣ የኔ ኢንጂነር!»

እቅፉ ውስጥ መግባት እንዴት አማራት! ግን የእህቷን ሁለት እጆች ያዘችና ደረጃው ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

«መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ እታለም።»