ሮዝ ሆኖ የተገኘው ረድፍ

ፕሮፌሰሩ ሰኞ ጠዋት በላቦራቶሪው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ተኮራምቶ ሞቶ ተገኘ። ክፍሉ ውስጥ ናሙና የሚቀመጥበት ሁለት ሣጥን ደረቅ በረዶ ነበር። ደረቅ በረዶ ሲቀልጥ ውሃ አይሆንም፤ ጋዝ ሆኖ ይተናል፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ ያ ጋዝ ሰውን ትንፋሽ ይነሳዋል። በሩን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ከተሰበረ ስምንት ወሩ ነው። አዎ፣ ስምንት ወር! የሰውን ልጅ ጉልበት እናድናለን ብሎ ዓለምን ያስጨበጨበ ቤት አንዲት እጀታ ማስጠገን አቅቶት፣ የገባ ሁሉ በሩ እንዳይዘጋበት በርጩማ እየደቀነ ይገባ ነበር።

«አደጋ ነው» አለ ሬሳውን ያገኘው ምክትል ተመራማሪ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «በርጩማውን ረስተው ገብተው ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች መርማሪዋ። መሥሪያ ቤቷ «እትዬ ቆይ» ብሎ ስም ያወጣላት በከንቱ አይደለም። አንድ ጉልበቷ ስለሚያማት እያነከሰች አካባቢውን ዞረችው። «በርጩማው ሌላ ጊዜ የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዚሁ፣ በሩ አጠገብ።»

«ረስተውት ቢገቡ ኖሮ እዚሁ ባገኘነው ነበር። አሁን ያለው ግን እዚያ ማዶ ጠረጴዛ ሥር ነው። አንድ ሰው ከበሩ ላይ አንስቶ፣ ወስዶ ሸጎጠው። ይሄ አደጋ አይደለም፣ ወንድሜ።»



ከሟቹ ሌላ የሕንፃው ቁልፍ የነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ምክትሉ፣ የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን፣ ትርፍ ቁልፍ ቤቷ ያስቀመጠችው የሟቹ ሚስት።

ሚስትየዋ አላለቀሰችም። እንባዋን ቀድማ የጨረሰች ሴት ናት።

«ሃያ ስድስት ዓመት እኔን ሳይሆን ልም አጥንትን ነው ያገባው» አለች። «ልም አጥንት ምን እንደሆነ ያውቃሉ? እኔ በግድ ተምሬዋለሁ። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ በመሃል ያለው ለስላሳው ነው። እሱን አጥብቆ የያዘው ደግሞ ኮላጅን የሚባል ክር ነው። ክሩ ሲበጣጠስ ጉልበት አለቀለት። ባሌ ክሩ እንዳይበጠስ የሚያደርግ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ጻፈ፣ ተጨበጨበለት፣ ስልሳ በሽተኛ መርፌውን መወጋት ጀመረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሑድ ምሳ እንደበላን ደብዳቤ አነበበልኝ። 'ጽሑፌ ስህተት ነው፣ ይሰረዝልኝ። ሙከራውን በገዛ እጄ ሦስት ጊዜ ደገምሁት፣ መድኃኒቱ አልሠራም። በፊት ለምን የሠራ እንደመሰለን አላወቅሁም' ይላል። ሰኞ ሊልከው፣ መርፌውንም ሊያስቆም ነበር። 'ከሁሉ በፊት ፊት ለፊት ልነግረው የሚገባኝ ሰው አለ' ብሎኝ ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።»

«ማን ነው ሰውየው?»

«ምክትሉ ነዋ! ዓርብ በስልክ ሲጯጯሁ ሰምቻለሁ።»

ሬሳው ኪስ ውስጥ ደብዳቤ አልተገኘም።

ምክትሉ ጠቡን አልካደም። «አዎ፣ ጮኬባቸዋለሁ! የዕድሜ ልክ ማዕረጌ የተንጠለጠለው በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። ግን ሰው ልገድል? ምን ቆርጦኝ! እሑድ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ጥሩ እረፍት ነው» አለች መርማሪዋ፣ ጥግ ላይ ናሙናዎቹን በሙቀት ወደሚያቆየው ማሞቂያ ሣጥን እያየች። በመስታወት በሩ ውስጡ ይታያል። ከጥጃ ጉልበት የተቆረጠ ልም አጥንት በትንንሽ ሳህኖች በሦስት ረድፍ ተደርድሯል፤ ሁለቱ ረድፎች መድኃኒት የለባቸውም፣ ሦስተኛው ተጨምሮበታል። የሁለቱ ፈሳሽ ቢጫ ነው። የሦስተኛው ሮዝ ነው።

«ፈሳሹ ምግባቸው ነው» አለ ምክትሉ። «ሲጨመር ሮዝ ነው፣ ሁለት ቀን ሲቆይ ቢጫ ይሆናል። ሁሉም ዓርብ ነው የተቀየረው።» ከዚያ ድንገት ፊቱ በራ። «ይመልከቱ! መድኃኒት ያለበት ሮዝ እንደሆነ ቀረ! ይሠራል ማለት እኮ ነው!»

ወይ ሰው! አለቃው ገና አልተቀበረም፣ እሱ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

«እርስዎ ፈሳሹን መቀየር ያውቃሉ?»

«እንዴታ!»

«እስቲ አዲሱ የት እንዳለ ያሳዩኝ።»

ሦስት ማቀዝቀዣ ከፈተ። በሦስተኛው ውስጥ ያገኘው የሰው ምሳ ዕቃ ነው። መርማሪዋ ሣቋን ዋጥ አድርጋ ማሞቂያ ሣጥኑን አሸገችውና ማንም እንዳይነካው አዘዘች።

ቴክኒሺያኗ አሥራ አራት ዓመት እዚያ ቤት የሠራች፣ እጇ የተመሰከረለት ሴት ናት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መገጣጠሚያዋን በሽታ የሚበላባት፣ መርፌውን ከሚወጉት ስልሳዎቹ አንዷ። ይህች እናት በዓለም ላይ ከልጇ ጉልበት ሌላ ጉዳይ የላትም።

«ልጄ እየዳነችልኝ ነው» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ፕሮፌሰሩ ናቸው ያተረፉልኝ። እኔን ይድፋኝ!»

«እሑድ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ከልጄ ጋር። ከዓርብ ወዲህ እዚህ ደጅ አልረገጥኩም።»

«ሳህኖቹን የሚንከባከቡት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«እኔ ነኝ። ፈሳሹን በየሦስት ቀኑ እቀይራለሁ፤ የወጣው ይለካል። ሦስተኛዋን ረድፍ ግን…» ፈገግ አለች። «መድኃኒት አለባት አይደል? እሷን ሳይ ልጄ ነው የምትታየኝ። አንጀቴ አይችልም፣ በመሃልም አዲስ እቀይርላታለሁ።»

«በመሃል የወጣውንስ?»

«እደፋዋለኋ! ቆሻሻ አይደል?»

መርማሪዋ የቀረውን ቀን መዝገበ ቃላት ይዛ የፕሮፌሰሩን ጽሑፍ ስታነብ ዋለች። እሷም መርፌውን ለመወጋት ተራ ይዛ ነበርና ንባቡ መረራት። በማግስቱ የቴክኒሺያኗን ቤት አንኳኳች።

ረቡዕ ሦስቱንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሽጉን ቀድዳ ማሞቂያ ሣጥኑን ከፈተች። ሦስቱም ረድፍ ቢጫ ነው።

«ሮዙ የታለ?» አለችው ምክትሉን።

ምክትሉ ዓይኑን ጨፈነ።

«መድኃኒቱ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ሮዝ በሆነ። ሰኞ ሮዝ የነበረው አዲስ ፈሳሽ ስለነበረ ነው። ዓርብ የተጨመረው ሳይሆን እሑድ የተጨመረ። እንግዲህ እሑድ እዚህ የነበረው ሰው ሳህኖቹን ነክቷል። ማን?» ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «እርስዎ ሳህን ከሳህን አይለዩም።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «እርስዎ ፈሳሽ ፈልገው ያገኙት የሰው ምሳ ነው። ሁለቱን ረድፍ ትቶ ለሦስተኛው ብቻ የሚቀይር ሰው በዚህ ቤት አንድ ነው።»

ሁሉም ቴክኒሺያኗን አዩአት።

«ፕሮፌሰሩ ከሁሉ በፊት ሊነግሩት የፈለጉት ሰው እርስዎ ነዎት» አለቻት መርማሪዋ። «ከሌላ አፍ እንዳይሰሙት ብለው እሑድ ጠሩዎት። ደብዳቤውን አሳዩዎት። ቀጥለው ናሙና ሊያወጡ በርጩማውን ደቅነው ገቡ።»

«ለመንኳቸው!» ጮኸች ሴትየዋ። «እግራቸው ላይ ወደቅኩ! አንድ ዓመት ብቻ ይቆይ፣ ልጄን አይንጠቁኝ አልኳቸው። 'በውሸት መርፌ አትድንም' ብለውኝ ገቡ። በርጩማውን አነሳሁት። ደብዳቤውን አቃጠልኩት። በሩን… በሩን ያንኳኩ ነበር። ማንኳኳቱን እንዳልሰማ እጄን ሥራ አስያዝኩት፤ የሦስተኛዋን ረድፍ ፈሳሽ ቀየርኩ።»

ሚስትየዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ፕሮፌሰሩ ያላወቁትን እኔ ልንገርዎት» አለች መርማሪዋ፤ ድምጿ ውስጥ ንዴትም ኀዘንም ነበረበት። «ክሩ ሲበጣጠስ ብጥስጣሹ ፈሳሹ ውስጥ ይወርዳል። የሚለካው እሱ ነው። ብዙ ከተገኘ ልም አጥንቱ እያለቀ ነው፣ ጥቂት ከተገኘ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል። እርስዎ የሦስተኛውን ረድፍ ፈሳሽ በመሃል በደፉ ቁጥር ብጥስጣሹን አብረው ደፉት። ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን ሲደግሙት የሚደፋላቸው አልነበረም፣ እውነቱ ወጣ።»

«እኔ ነኝ? በእኔ እጅ ነው?» ሴትየዋ ወደ ሳህኖቹ ሄዳ መለስ አለች። «ውሸት ነው! ልጄ ድናለች! ቆማ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ትናንት አግኝቻታለሁ። እሑድ ከሰዓት ቤት እንዳልነበሩ የነገረችኝም እሷ ናት፣ ክፉ አስባ አይደለም። ሕመሟን ጠየቅኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«አንድ ቀን ትቷት አያውቅም። እርስዎ ሥራ ሲውሉ ግድግዳ ይዛ ነው የምትንቀሳቀሰው፤ በሩ ሲከፈት ጥርሷን ነክሳ ትቆማለች። 'እማዬ ደስ ስለሚላት ነው፣ እባክዎ እንዳይነግሩብኝ' አለችኝ።»